ማንጎ

ማንጎ (በሳይንሳዊ ስሙ ማንጊፌራ ኢንዲካ) በሞቃት አገሮች የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ትልቅ የፍራፍሬ ዛፍ ሲሆን የዛፉም ፍሬ በዚሁ ስም ይጠራል። የትውልድ ቦታው በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በባንግላዴሽና በምያንማር መካከል ያለው አካባቢ እንደሆነ ይታመናል። በኢትዮጵያ ከሙዝ፣ ከአቮካዶና ከፓፓያ ጋር በሰፊው ከሚመረቱት ፍራፍሬዎች አንዱ ነው። በተለይ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በወለጋ፣ በጋሞ፣ በምሥራቅ ሐረርጌና በጋምቤላ ለብዙ ቤተሰቦች ምግብም የገንዘብ ምንጭም ነው።

ስሙና ታሪኩ

«ማንጎ» የሚለው ስም የመጣው ከደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች ነው። በማላያላም ፍሬው «ማንጋ» ይባላል፤ ፖርቱጋሎች ይህን ቃል ወስደው ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች አስገቡት። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ ለዛፉ ዛሬ የሚታወቅበትን ሳይንሳዊ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1753 ነው።

ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ማንጎ የደረሰው ከፖርቱጋሎች በፊት፣ በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች በኩል ነበር። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1331 ገደማ ሞቃዲሾን በጎበኘበት ጊዜ ከሩዝ ጋር ከቀረቡለት ማባያዎች መካከል ማንጎን ይጠቅሳል። ፖርቱጋሎች ደግሞ በኋላ ዘሩን ወደ ምዕራብ አፍሪካና ወደ ብራዚል አደረሱት። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከሚመረተው ማንጎ ትልቁን ድርሻ የምታመርተው ሕንድ ናት፤ ነገር ግን ከምርቷ አብዛኛውን የምትበላው ራሷ ስለሆነች በውጭ ገበያ ያላት ድርሻ ከምርቷ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

የዛፉ ጠባይ

ማንጎ የሚመደበው ከካሹና ከፒስታሽዮ ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው። በአገራችን ከተሞች መንገድ ዳር የሚተከለው፣ ቅርንጫፉን ወደ ታች የሚያንዠረግገው የቁንዶ በርበሬ ዛፍም (ለወጥ የሚሆነው ቁንዶ በርበሬ ሌላ ተክል ነው) የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የቤተሰቡ መለያ ሲቆረጥ የሚፈሰው ሙጫማ ፈሳሽ ነው። በማንጎ ልጣጭና በፍሬው አንገት ላይ ያለው ፈሳሽ በአንዳንድ ሰዎች ከንፈርና ቆዳ ላይ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣል። ብዙውን ጊዜ «ማንጎ አይስማማኝም» የሚል ሰው የማይስማማው ልጣጩ እንጂ የውስጡ ክፍል አይደለም፤ ሌላ ሰው ልጦ ቢሰጠው ያለ ችግር ሊበላው ይችላል።

ዛፉ እስከ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያድግ ይችላል፤ ሥሩም ወደ ጥልቅ ይወርዳል። በአንድ የአበባ ዘለላ ላይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች ይወጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ እስከ መጨረሻው ደርሰው ፍሬ የሚሆኑት ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። አበባውን የሚያዳቅሉት ዝንቦች፣ ንቦችና ሌሎች ትናንሽ ነፍሳት ናቸው። ካበበ በኋላ ፍሬው እስኪደርስ ከሦስት እስከ አምስት ወር ይወስዳል።

ማንጎ በደንብ ለማበብ ደረቅ ወቅት ይፈልጋል። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ በማያቋርጥበት ቦታ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ይለመልማል፤ ፍሬው ግን ጥቂት ነው። ውርጭንም አይችልም። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቦታው ቆላና ዝቅተኛው ወይና ደጋ ነው።

ማንጎ በኢትዮጵያ

በአሶሳ ዙሪያ የሚኖር ሰው ግቢ ውስጥ ማንጎ ከሌለ ያስገርማል። በምሥራቅና በምዕራብ ወለጋ፣ በአርባ ምንጭ አካባቢ፣ በሐረርጌ ሸለቆዎች፣ በባሕር ዳር ዙሪያና በወሎ ቆላማ ወረዳዎችም እንዲሁ የግቢና የማሳ ዳር ዛፍ ነው። ከእነዚህ ዛፎች አብዛኞቹ ማንም ዝርያቸውን ሳይመርጥ ከዘር የበቀሉ ናቸው። በጥላቸው ስብሰባ ይደረጋል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጡባቸዋል፤ ልጆች በድንጋይ ያራግፏቸዋል።

ከዘር የበቀለ ዛፍ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ፍሬ ለመስጠት ስድስት፣ ሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው ደግሞ እናቱን አለመምሰሉ ነው። ከጣፋጭ ማንጎ የተወሰደ ዘር ቃጫ የበዛበት፣ ሆምጣጣ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማስቀረት ጥሩ ከሚያፈራ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ከዘር በበቀለ ችግኝ ላይ ይጣበቃል፤ ባለሙያዎች ግራፍቲንግ ይሉታል። እንዲህ የተባዛ ችግኝ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ያፈራል፤ ቁመቱም አጭር ስለሚሆን ለመልቀምም፣ ለመግረዝም፣ ለመድኃኒት ርጭትም ይመቻል።

በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልና በላይኛው አዋሽ እርሻዎች በኩል በአገሪቱ የተለመዱት የተሻሻሉ ዝርያዎች ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአሜሪካ ፍሎሪዳ የተገኙ ናቸው። ቶሚ አትኪንስ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ረጅም መንገድ ይችላል፤ ስለዚህ የውጭ ነጋዴ ይወደዋል። በጣዕም ረገድ ግን ኬንትን የቀመሰ ሰው ቶሚን አይመርጥም። ያረጀ የአገር ዛፍ ያለው ገበሬም ዛፉን መንቀል የለበትም። ግንዱን ዝቅ አድርጎ ቆርጦ አዲስ በሚያወጣው ቀንበጥ ላይ የተሻሻለውን ዝርያ ማጣበቅ ይቻላል፤ ሥሩ የቆየ ስለሆነ አዲሱ ቅርንጫፍ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል።

የምግብ ይዘቱ

አንድ መቶ ግራም የበሰለ ማንጎ 60 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል። ከዚህ ውስጥ 83 ግራም ገደማው ውኃ ነው። የተቀረው በአብዛኛው ስኳር ሲሆን መጠኑ 14 ግራም ያህል ነው፤ 1.6 ግራም አሰር፣ 0.8 ግራም ፕሮቲንና 0.4 ግራም ስብም አለው። 36 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ 43 ማይክሮግራም ፎሌት፣ 168 ሚሊግራም ፖታሲየም፣ ጥቂት ቫይታሚን ኢና ቢ6 ይገኙበታል። ካልሲየምና ብረት ግን በጣም ትንሽ ነው። እነዚህ አኃዞች በዝርያ፣ በአፈርና በአበሳሰል ይለያያሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 45 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይበቃል ይላል። ስለዚህ አንድ መካከለኛ ማንጎ የቀኑን ፍላጎት ይሸፍናል። ጥሬው ማንጎ ከበሰለው የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ቤታ ካሮቲኑ ግን ፍሬው እየበሰለ፣ ውስጡም እየቀላ ሲሄድ ይጨምራል።

ቤታ ካሮቲን በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ቢጫ ቀለም ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት የሕፃናትን ዓይን በተለይ በጨለማ ያዳክማል፤ ሲብስም ያሳውራል፤ ኩፍኝና ተቅማጥን የመቋቋም አቅምንም ይቀንሳል። ማንጎ በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ስለሚወደስ ቁጥሩን ማየት ጥሩ ነው። አንድ መቶ ግራም ማንጎ ወደ 54 ማይክሮግራም ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ካሮቲን አለው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን 300 ማይክሮግራም ያህል ያስፈልገዋል። ሁለት መቶ ግራም የበላ ሕፃን እንግዲህ የቀኑን ፍላጎት ከሲሶ በላይ አገኘ ማለት ነው። ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች በዚሁ ክብደት ከማንጎ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰጣሉ። የማንጎ ብልጫ ሌላ ነው፤ ሕፃን ሳይለመን ይበላዋል፤ በወቅቱም በብዛት ይገኛል። ካሮቲን በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ማንጎውን ከዘይት፣ ከወተት ወይም ከኦቾሎኒ ጋር መብላት ሰውነት የሚወስደውን መጠን ይጨምራል። በጁስ ቤቶች በስፕሪስ ውስጥ ከአቮካዶ ጋር መደረቡ ለዚህ ታስቦ ባይሆንም ጥቅሙ ያው ነው፤ የሚጨመረው ስኳር ግን አያስፈልግም።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ማንጎ ፈጽሞ አይብላ የሚባለው ትክክል አይደለም። የማንጎ ግላይሴሚክ ኢንዴክስ ከሃምሳ ጥቂት ከፍ የሚል ሆኖ ከመካከለኛው በታች የሚመደብ ነው። ዋናው ነገር መጠኑ ነው፤ ሙሉውን ፍሬ ማኘክና ሦስት ማንጎ የተጨመቀበትን ብርጭቆ መጠጣት አንድ አይደለም።

የአመራረት ችግሮች

ነጭ የማንጎ ስኬል። በኢትዮጵያ የማንጎ ምርት ላይ ባለፉት ዓመታት ከደረሱት ጉዳቶች ትልቁ የዚህ ተባይ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ አውላካስፒስ ቱበርኩላሪስ፣ በዜናና በግብርና ሠራተኞች አነጋገር ደግሞ «ዋይት ማንጎ ስኬል» ይባላል። በአገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 (በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ) በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለ ቦታ በሚገኝ እርሻ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ወለጋና ወደ አሶሳ ዞን ተዛመተ፤ ቆይቶም በስምጥ ሸለቆና በደቡብ የማንጎ አካባቢዎች ታየ።

ተባዩ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ሴቷ በክብ፣ ነጭና ስስ በሆነ የሰም ክዳን ሥር ተለጥፋ ትኖራለች። ወንዶቹ ያነሱና ሞላላ ሲሆኑ በቡድን ተሰብስበው ቅጠሉን በኖራ የተረጨ ያስመስሉታል። የሚንቀሳቀሱት ገና ከእንቁላል የወጡት ብቻ ናቸው። እነዚህ በቅጠሉ ላይ ጥቂት ሄደው ቦታ ከያዙ በኋላ ሴቶቹ ዳግመኛ አይንቀሳቀሱም። በዚያው ተተክለው የቅጠሉን፣ የቀንበጡንና የፍሬውን ፈሳሽ ይመጣሉ። ከእንቁላል እስከ ሙሉ ሴት የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ወር ብዙ አይበልጥም፤ በዓመት ውስጥ ስንት ትውልድ እንደሚፈራረቅ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጉዳቱ በቅጠሉ ላይ በቢጫ ነጠብጣብ ይጀምራል። ቀጥሎ ቅጠል ይረግፋል፤ ቀንበጥ ከጫፉ ይደርቃል፤ አበባም ይመናምናል። በፍሬው ላይ ተባዩ በተጣበቀበት ቦታ ሁሉ ሮዝ ነጥብ ይቀራል። ውስጡ የሚበላ ቢሆንም መልኩ ስለተበላሸ ነጋዴ አይገዛውም፤ ወደ ውጭ ለመላክም አይሆንም። ምርቱ ስለቀነሰባቸው ዛፉን እስከ መቁረጥ የደረሱ አርሶ አደሮች አሉ።

መከላከሉን አስቸጋሪ የሚያደርገው የተባዩ የሰም ክዳንና የአገራችን ዛፎች ቁመት ነው። ክዳኑ ከላይ የሚረጨውን መድኃኒት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። በጀርባ የሚታዘል መርጫም አሥራ አምስት ሜትር ወደ ላይ አይደርስም። በሥር በኩል ተሰጥተው በተክሉ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ዋጋቸው ውድ ነው፤ በአበባ ጊዜ ከተሰጡ ለንብ አደገኛ ናቸው፤ ፍሬው ውስጥ የሚቀረው መጠንም ክትትል ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት የሚመከረው ግረዛ ነው። የተጠቁትን ቅርንጫፎች ቆርጦ በዚያው ማቃጠል፣ የዛፉን መሐል ከፍቶ ብርሃንና አየር ማስገባት፣ ቁመቱን ማሳጠር ያስፈልጋል። ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ለተባዩ ምቹ ነው። ከግረዛ በኋላ የሚረጭ የማዕድን ዘይት ቀሪውን አፍኖ ይገድላል።

ተባዩ በራሱ ሩቅ አይሄድም፤ ንፋስ ወስዶ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሊያደርሰው ይችላል፤ ከዞን ወደ ዞን የሚያሻግረው ግን በአብዛኛው ሰው ነው። በመኪና የሚጓጓዝ ችግኝ፣ ፍሬ፣ በሳጥን ውስጥ የሚጎዘጎዝ የማንጎ ቅጠል ይዞት ይሄዳል። የተሻሻለ ዝርያ ለማስፋፋት የሚታደል ችግኝ ካልተመረመረ ያልተፈለገውንም አብሮ ያከፋፍላል።

በተፈጥሮ ጠላቶች መከላከልም ተስፋ ያለው መንገድ ነው። በደቡብ አፍሪካ ለዚሁ ስኬል ትናንሽ ጥገኛ ተርቦችና ጥንዚዛዎች ጥቅም ላይ ውለዋል። በማንጎ ታሪክ ከፍተኛው ምሳሌ ግን የምዕራብ አፍሪካው ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከእስያ የገባ የማንጎ ሚሊበግ በቶጎ፣ በጋናና በቤኒን ዛፎችን ሲያደርቅ፣ ከሕንድ የመጣ አንዲት ጥገኛ ተርብ ተለቅቃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተባዩን ጉዳት ከማያደርስበት መጠን አወረደችው። ገበሬው ለዚህ ምንም አልከፈለም።

የፍራፍሬ ዝንብ። የምሥራቁ የፍራፍሬ ዝንብ (ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ) በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2003 በኬንያ ሲሆን ኢትዮጵያን ጨምሮ ወደ አብዛኛው የአህጉሩ ሞቃት ክፍል ተዛምቷል። ሴቷ ሊበስል የተቃረበውን ፍሬ ወግታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ትሎቹ ውስጡን ይበላሉ። ከውጭ የሚታየው ትንሽ ነጥብ ስለሆነ ገዢ የሚያውቀው ቤቱ ሲቆርጠው ነው። ኬንያ በዚህ ዝንብ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለዓመታት ወደ አውሮፓ ኅብረት ማንጎ መላኳን አቁማ ነበር።

ለዝንቡ ፍቱን መሣሪያ ንጽሕና ነው። የወደቀ ፍሬ ሁሉ በየቀኑ ተለቅሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር በሚጠልቅ ጉድጓድ መቀበር ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ፀሐይ ላይ መቆየት አለበት፤ ትሉ ወደ አፈር ወርዶ ዝንብ ሆኖ እንዳይወጣ ነው። ወንዶቹን በሜቲል ዩጂኖል ሽታ ስቦ የሚገድል ወጥመድም አለ። አንድ ገበሬ ብቻውን ቢያጸዳ ግን የጎረቤቱ ዝንብ ይመጣበታል፤ ሥራው የመንደር ሥራ ነው።

በሽታዎች። አንትራክኖዝ የተባለው ፈንገስ በእርጥብ አየር አበባውን ያጠቁራል። ከፍሬው ጋር ተደብቆ ይቆይና ፍሬው ሲበስል ጥቁር ቁስል ሆኖ ይወጣል። በቀዝቃዛና ደረቅ የአበባ ወቅት ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ፈንገስ ዘለላውን ሸፍኖ ያረግፈዋል።

ከዚህ ሌላ ብዙ የማንጎ ዛፎች አንድ ዓመት ሞልተው ያፈሩና በቀጣዩ ያርፋሉ። ጠባያቸው ነው፤ ግረዛና ማዳበሪያ ልዩነቱን ያጠባሉ እንጂ አያጠፉትም።

ከለቀማ እስከ ገበያ። በአንድ አካባቢ ያለው ማንጎ ሁሉ በተመሳሳይ ሳምንታት ይደርሳል። በወቅቱ በየመንገዱ ዳር በመደብ ተደርድሮ በርካሽ ይሸጣል፤ ከዛፉ ሥር የሚበሰብሰውም ብዙ ነው። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው መንደር አንድ ፍሬ አይገኝም። ከለቀማ በኋላ የሚጠፋው መጠን ከምርቱ ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ብክነቱ የሚጀምረው ከዛፉ ላይ ነው። በእንጨት የተመታ ወይም ከቅርንጫፍ ተራግፎ የወደቀ ማንጎ በዕለቱ ደህና ይመስላል፤ በሦስተኛው ቀን የተመታበት ቦታ ይጠቁራል። የደረሰ ማንጎ ጫፍ ላይ ከረጢት በታሰረበት ዘንግ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር አንገት ተትቶለት መለቀም፣ ከዚያም አንገቱ ወደ ታች ተደርጎ ፈሳሹ እስኪንጠባጠብ መቀመጥ አለበት። ያ ፈሳሽ ልጣጩ ላይ ከፈሰሰ አቃጥሎ ጥቁር መስመር ያወጣል። በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ፣ በላዩ ሌላ ከረጢት ተጭኖ በአይሱዙ የሚጓዝ ማንጎ ግን ከታች ያለው ጁስ ሆኖ ይደርሳል። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ዋጋው በአንድ ወቅት ይመለሳል።

ማንጎ ከተለቀመም በኋላ ይበስላል። ስለዚህ ለሩቅ ገበያ የሚለቀመው ጠንካራ ሳለ፣ ትከሻው ሞልቶ ከአንገቱ በላይ ሲነሣ ነው። ማቆያው 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን። ከ10 ዲግሪ በታች ብርድ ይጎዳዋል፤ ጥሬ ማንጎ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ቆዳው የጠቆረ፣ ጣዕም የሌለው ፍሬ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቶሎ እንዲበስል ከተፈለገ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በብየዳ ሥራ የሚታወቀውን ካርባይድ ለማብሰያ የሚጠቀሙ ነጋዴዎች በተለያዩ አገሮች አሉ። ካርባይዱ አርሰኒክና ፎስፈረስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕንድን ጨምሮ በብዙ አገሮች ክልክል ነው።

ተረፈ ምርቱና ጥቅሙ

ልጣጩ ከፍሬው ክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ዘሩ ደግሞ እንደ ዝርያው ከ10 እስከ 25 በመቶ ይሆናል። አንድ ጁስ ቤት አንድ ኩንታል ማንጎ ሲጨምቅ 30 ወይም 40 ኪሎ የሚሆነውን ወደ ቆሻሻ ያወጣል ማለት ነው። ይህ ውኃና ስኳር የሞላበት ስለሆነ በአንድ ቀን ውስጥ ይቦካል፤ ዝንብና መጥፎ ሽታ ያመጣል። ይሁን እንጂ በማንጎ ውስጥ ከሚገኙት ጠቃሚ ነገሮች ብዙው ያለው በዚህ በሚጣለው ክፍል ነው።

ልጣጩ ማርማላታ የሚያረጋውን ፔክቲን በብዛት ይይዛል። ፔክቲን ለማውጣት ልጣጩ ወዲያው በፈላ ውኃ ይነከርና ይደርቃል፤ ከዚያም አሲድ ባለበት ሙቅ ውኃ ይቀቀላል፤ ፈሳሹ ተጣርቶ በአልኮል ይረጋል። ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ማድረግ አያስፈልግም። በደንብ የታጠበ ልጣጭ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ ከማርማላታው ጋር ቢቀቀልና በኋላ ቢወጣ የራሱን ሥራ ይሠራል። ደርቆ የተፈጨ ልጣጭ የአሰርና የካሮቲን ምንጭ ሆኖ በብስኩትና በፓስታ ዱቄት ውስጥ በጥቂቱ ሲጨመር ተሞክሯል። ፀረ ተባይ የተረጨ ፍሬ ልጣጭ ግን ለዚህ አይሆንም። ከልጣጩና ከተረፈው ለስላሳ ክፍል አቼቶም ይወጣል፤ ስኳሩ መጀመሪያ ወደ አልኮል፣ ከዚያ ወደ አቼቶ ይለወጣል።

ለከብት መኖ ልጣጩ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው። ብቻውን ብዙ የበላ ከብት በስኳሩ ብዛት ሆዱ ሊታወክ ይችላል። ከጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ፋጉሎ ወይም የጥራጥሬ ገለባ ተጨምሮበት ሲሰጥ ጥሩ መኖ ነው። በወቅቱ የሚተርፈውን ለደረቁ ወራት ለማቆየት ከተከተፈ ጭድ ጋር በጉድጓድ ወይም በፕላስቲክ ውስጥ አየር እንዳይገባው ታጭቆ ገፈራ (ሳይሌጅ) ይደረጋል። የልጣጩ ስኳር መፍላቱን ያፋጥናል፤ ጭዱም ትርፍ ውኃውን ይመጥጣል።

ዘሩ ሲሰበር ውስጡ ያለው አስኳል ሌላ ሀብት ነው። የደረቀ አስኳል ከግማሽ በላይ ስታርች፣ 6 በመቶ ገደማ ፕሮቲን፣ ከ7 እስከ 15 በመቶ ደግሞ ቅባት አለው። ቅባቱ በክፍል ሙቀት የሚረጋ፣ በሰውነት ሙቀት አቅራቢያ የሚቀልጥ ስለሆነ የካካዋ ቅቤን ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የቸኮሌት መመሪያ በካካዋ ቅቤ ቦታ እስከ 5 በመቶ እንዲገቡ ከፈቀዳቸው ስድስት የዕፅዋት ቅባቶች አንዱ የማንጎ አስኳል ቅባት ነው። በቅባትና በሳሙና ሥራም «ማንጎ በተር» እየተባለ ይሸጣል። ይህ ሥራ እንዲያዋጣ ዘሩ ከፍሬው እንደወጣ ታጥቦ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መድረቅ አለበት። እርጥብ ክምር ውስጥ የቆየ አስኳል ይሻግታል፤ ቅባቱም ይከረፋል። በአንድ መንደር ተበትኖ ያለውን ዘር መሰብሰብ ራሱ ወጪ ስለሆነ ሥራው የሚቀለው ማቀነባበሪያ ባለበት ቦታ ነው።

በሕንድ አንዳንድ አካባቢዎች የአስኳሉ ዱቄት በችግር ጊዜ ይበላል። አስኳሉ አፍን የሚያጨማድድ ታኒን ስላለው ተከትፎ፣ ውኃው እየተቀየረ መዘፍዘፍና መቀቀል ይኖርበታል። አደጋው ሻጋታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በኦሪሳ (አሁን ኦዲሻ) ግዛት በካሺፑር አካባቢ የተበላሸ የማንጎ አስኳል ገንፎ የበሉ በርካታ ድሆች ሞተዋል። ባለሥልጣናት ምክንያቱ የምግብ መመረዝ ነው ሲሉ ሌሎች ደግሞ ሰዎቹን ሻጋታ እስከ መብላት ያደረሳቸው ረሀብ ነው ብለው በአገሪቱ ብዙ ተከራክረዋል። ለዶሮም ቢሆን የተቀቀለና የደረቀ አስኳል በጥቂት መጠን ብቻ ከበቆሎ ጋር ይቀላቀላል፤ ሳይቀቀል ከተሰጠ ታኒኑ ዕድገቷን ያዘገያል። የሚያመሰኩ እንስሳት ይሻላሉ።

የአስኳሉ ጠንካራ ሽፋን ለማገዶ ይሆናል፤ በልዩ ምድጃ ከሰል ተደርጎም የፋብሪካ ቀለምን ከውኃ ለማጣራት ተሞክሯል። ለባዮጋዝ የሚውል ልጣጭ ከከብት እበት ጋር መቀላቀል አለበት፤ ብቻውን ሲገባ አሲዱ በዝቶ ጋዝ የሚሠሩትን ተዋሕስያን ይገድላል። ኮምፖስት ሲዘጋጅም እንዲሁ ደረቅ ቅጠልና አመድ ይጨመርበታል። የትል ምልክት ያለበት ፍሬ ከመቆለሉ በፊት ከላይ እንደተገለጸው ታስሮ ፀሐይ ላይ መቆየት አለበት፤ በስኬል የተጠቃ ቅጠልና ቅርንጫፍም ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ ይቃጠላል።